ለ110 ብር ሥራ መግባት፦ የአንዲት የልደታ እናት ጉዳይ

ባለጉዳይዋ የሂሳብ ባለሙያ ናት። ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከባለቤቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ትልቁ አራት ዓመት ሞልቶት ኬጂ ገብቷል። ትንሿ ይህ ነገር ሲጀመር፣ በ2018 ጥቅምት መጨረሻ፣ የ13 ወር ልጅ ነበረች። የሰውም የድርጅትም ስም አልጠራም። ቁጥሮቹን ግን በእሷ ፈቃድ እንዳሉ አስቀምጫቸዋለሁ። እኔ የሰው ሀብት አስተዳደር ሥራ ላይ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ በጓደኛ በኩል መጣች፤ "አንድ ነገር እዪልኝ" ብላ።

ያሳየችኝ በኤክሴል የሠራችውን ሠንጠረዥ ነው። የመጨረሻው መስመር ላይ 110 ብር ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰንጋ ተራ ያለ አንድ የግል ድርጅት በ32,000 ብር ደመወዝ የሙሉ ቀን ሥራ አቅርቦላታል። በ2017 ሐምሌ የተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ከ14,000 ብር በላይ ያለውን 35 በመቶ፣ ከዚያ በታች ያለውን ደግሞ በየደረጃው ባነሰ መቶኛ ስለሚወስድ ግብሩ በድምሩ 9,150 ይመጣል። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ 2,240 ነው። እጇ የሚገባው 20,610 ብር። ከዚህ ላይ ለትንሿ ዴይኬር 9,000። ትልቁን ከትምህርት ቤት አምጥቶ እስክትደርስ ለሚይዝ ሰው 2,500። ቤት ሆና የሦስት ሱቆችን ሂሳብ በመያዝ በወር የምታገኘው 9,000 ደግሞ ይቀራል።

"ለ110 ብር ነው ልጆቼን ትቼ የምወጣው?" አለችኝ።

መደመርና መቀነሱ ላይ እንከን አላገኘሁበትም። ባለሙያ ናት። ችግሩ ምን ከምን እንደተቀነሰ ነው። እዚያ ከመግባቴ በፊት ግን እንዴት ቤት እንደቀረች ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሳታውቁ መፍረድ ይቀላልና።

የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እናቷ ካዛንቺስ ነበሩ። የያኔው መሥሪያ ቤቷ ኡራኤል ጋ ነው። ጠዋት ልጁን አያቱ ጋ አድርሳ ትገባለች፣ ምሳ ሰዓት ብቅ ብላ ታጠባለች፣ ማታ አዝላው ወደ ቤት። ይህን እንደ ሕፃናት ማቆያ የቆጠረው ሰው አልነበረም። ነገር ግን ለዓመታት ሥራዋ ላይ ያቆያት ደመወዟ ሳይሆን ያ ቤት ነው። በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ለልማት ሲነሳ እናቷ ገላን ጉራ ገቡ። ቤቱ ከድሮው ይሻላል፤ ይህን እሳቸው ራሳቸው ይናገራሉ። ርቀቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከአቃቂ ወገን ተነስተው ልደታ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ለመድረስ በጨለማ መውጣት አለባቸው። ጉልበታቸውም እንደ ድሮው አይደለም። ትንሿ የተወለደችው በዚያው መስከረም ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። (ለአባት 3 ቀን። ሦስት።) 90 የሥራ ቀን አራት ወር ቢደርስ ነው። ጤና ጣቢያ ደግሞ ሕፃኑ እስከ 6 ወሩ ጡት ብቻ ይጥባ ይላል። ስለዚህ ገና ከመነሻው ጎዶሎ አለ፤ ያንን ጎዶሎ የሚሞላው አያት ወይ ሞግዚት ነው።

ሞግዚት ተሞከረ። ደላላው ያመጣት የመጀመሪያዋ ሳምንት ሳትደፍን ሄደች። ሁለተኛዋ ጎበዝ ነበረች፣ ልጅቷም ወዳት ነበር። ግን የዓረብ አገር ፕሮሰሷ አለቀና አንድ ሰኞ ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ሙች ብትባል አትቀርም፤ ማንስ ይፈርድባታል? የቤቱ መኝታ ክፍል አንድ ነው፤ የምትተኛው ሳሎን ፍራሽ ዘርግታ ነበር። እኛ የ120 ቀን ፈቃዳችንን ስንቆጥር ልጃችንን የምትይዘው ሴት ከዚያው አዋጅ ውጭ መሆኗን እንረሳዋለን። ለቤት ሠራተኞች የተለየ ደንብ እንዲወጣ ተብሎ ነው ከአዋጁ የወጡት። ይህን የማነሳው እንዲሁ ለነገር አይደለም። አዳሪ ሞግዚት ሁለተኛ ዙር ከአማራጭ የወጣችው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰው በዚያ ሁኔታ እንዲሰነብት መጠበቅ ሞኝነት ነው።

በዚያ ሳምንት እናትየዋ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ጽፋ ለቀቀች። ስድስት ዓመት የሠራችበትን ቦታ።

ባለቤቷ የመንግሥት ሆስፒታል የላብራቶሪ ባለሙያ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ያኔም አሁንም ያላት አንድ ነው፤ "እንደሚመችሽ አድርጊ፣ እኔ ደስ ይለኛል።" ለጆሮ ደስ ይላል። በተግባር ግን ውሳኔውንም፣ ከውሳኔው በኋላ የሚመጣውንም ጣጣ ለእሷ ብቻ ትቶላታል። ብትገባና ልጅ ቢታመም የመረጠችው እሷ ናት። ባትገባና ብር ቢያጥር የመረጠችው እሷ ናት።

ቁርጥ ያለ ነገር የተናገሩት እናቷ ናቸው። በስልክ፣ ከገላን ጉራ፤ "ልጄ፣ እኔ ጉሊት ተቀምጬ ነው አምስታችሁን ያሳደግኩት። ልጅ በእድሉ ያድጋል። ሥራ ግን ካመለጠ አመለጠ።" ልጅ በእድሉ ያድጋል የሚለውን ተረት አልወደውም፤ ብዙ ቸልተኝነት ተሸፍኖበታል። ግን እሳቸው ሲሉት ከልፋታቸው ጋር ነው።

ወደ ሠንጠረዡ ልመለስ። ዴይኬሩን ከማን ደመወዝ ላይ እንደቀነሰችው ጠየቅኳት። ግራ ገባት። "ከእኔ ነዋ!" ለምን? ልጅቷ የሁለቱ ናት። እሷ ሥራ ስትገባ እሱም ሥራው ላይ ይቀጥላል፤ ዴይኬሩ ሁለቱም እንዲሠሩ የሚያስችል ወጪ ነው። የቤት ኪራይን ከእሱ ደመወዝ ብቻ ቀንሶ "ለዚች ብር ነው የምሠራው?" የሚል ባል አላየሁም። የልጅ ወጪ ግን ሁልጊዜ ከእናት ደመወዝ ላይ ይወርዳል፤ ከዚያ ደመወዙ ትንሽ ይመስላል፤ ከዚያ "ምን ያደርግልሻል" ይባላል። የሁለቱን ገቢ አንድ ላይ ደምራ የቤቱን ወጪ በሙሉ ከዚያ ላይ እንድትቀንስ አደረግን። 110 ብሩ በተአምር አልጨመረም። ግን ጥያቄው "ለ110 ብር ልውጣ?" መሆኑ ቀርቶ "ይህ ቤት ለሁለት ዓመት ያህል የዴይኬር ወጪ ይችላል?" ሆነ። ይህ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ነው። ለሁለት ዓመት ያልኩት ልጅቷ ሦስት ዓመት ሲሞላት ኬጂ ስለምትጀምር ነው።

በሠንጠረዡ ውስጥ ያልነበረ ሌላ ነገርም አለ። አሠሪው በእሷ ስም በወር 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይከፍላል፤ 3,520 ብር ማለት ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ የወር ጡረታ እንዲያገኝ ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል አለበት። እሷ ያላት ስድስት ነው። በሠላሳዎቹ ያለ ሰው ስለ ጡረታ ሲሰማ ያዛጋል። እሷም አዛጋች። አራት ዓመት ብቻ እንደቀራት ስነግራት ግን ቀና አለች።

የሱቆቹ 9,000ም በወረቀት ላይ ነው 9,000 የሆነው። አንደኛው ደንበኛ ነሐሴን ዘሎ ነበር። ሁለተኛው "ቴሌብር አስገባለሁ" እያለ ሳምንት ያቆያል። ቢሮ እያለች የነበራት እቁብም አብሮ ቀርቷል፤ መቼ እንደሚገባ በማይታወቅ ብር እቁብ አይጣልም። ለፀጉሯ ብር ባሏን መጠየቅ ሞቷ እንደሆነ ሳቅ እያለች ነገረችኝ። ሳቁ ብዙም አልቆየም።

በሌላው በኩል ያለውን አላቃለልኩባትም። ትንሿ ገና ትጠባለች። ትልቁ በ9 ሰዓት ተኩል ከትምህርት ቤት ሲወጣ በር ላይ የሚያያት እሷን ነው። ቀን ቤት መሆንን ትወደዋለች፤ ይህን ስትናገር እንደሚያፍር ሰው ድምጿን ዝቅ አደረገች። የሚያሳፍር ነገር የለውም። ብሩ ቢበቃቸውና እሱም ተስማምቶ ቤት ብትቆይ እኔ የምቃወምበት ምክንያት አይኖረኝም ነበር። ነገር ግን የአንድ ሰው ደመወዝ የወሩን መጨረሻ አይደርስም ነበር። ትልቁን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ማዛወርም ተነስቷል። አዲስ አበባ ውስጥ የመንግሥት ቅድመ አንደኛ ክፍያ የለውም፣ ቁርስና ምሳም ይመገባሉ። በዓመቱ መካከል ልጁን ማናወጥ ስላልፈለጉ ለመስከረም አቆዩት።

ዴይኬር ፍለጋው ላይ ጎበዝ ነበረች። የመጀመሪያው ሜክሲኮ አካባቢ ሕንፃ ውስጥ ያለ ነው። ግድግዳው በካርቱን ሥዕል ያሸበረቀ፣ ወለሉ የሚያብለጨልጭ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ልጆቹ ቴሌቪዥን ፊት ተደርድረው ተቀምጠዋል። የሚሮጥ የለም፣ የሚያለቅስ የለም። ያስፈራት ይኼው ነው፤ የዚህ ዕድሜ ልጅ በጤናው እንዲህ ዝም አይልም። ሁለተኛው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያለ አሮጌ ግቢ ነው። ቀለሙ የተላላጠ። በሩ ላይ ደብተር አለ፤ ልጁን ማን አመጣው፣ ስንት ሰዓት፣ ማን ይወስደዋል። አንዷ ተንከባካቢ ዳይፐር ቀይራ፣ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ የሚያለቅሰውን ልጅ በስሙ ጠርታ ስታነሳው አየች። በሌላ ቀን ሳትነግራቸው 10 ሰዓት ላይ ተመልሳ ሄደች። ይህን ለማንም እመክራለሁ። ጠዋት ሁሉም ዴይኬር ጥሩ ነው። 10 ሰዓት ላይ ልጁም ደክሞታል፣ ሠራተኛዋም ሰልችቷታል፤ እውነቱ ያኔ ይታያል። ያኔም ደህና ነበር።

ሁለት ሕግ ነገሯት። ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ቅጣት አለ። ትኩሳት ያለው ልጅ አይገባም።

እኔን ያስጨነቀኝ ሁለተኛው ነው። "ሌሊት ትኩሳት ይዟት ብታድር ጠዋት ማን ነው ሥራ የሚቀረው?" አልኳት። "እኔ ነኛ!" ትንሽ እንኳን አላሰበችም። አዲስ ሠራተኛ በሕጉ እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ አለው፤ በዚያ ጊዜ ለሥራው ብቁ አይደለም ከተባለ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰናበታል። ልጅ ደግሞ ዴይኬር በገባ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጉንፋን አይለቀውም። ሁለቱ ወቅቶች አንድ ላይ ነው የሚመጡት። በእኔ ግምት ብዙ እናቶች ከሥራ የሚወጡት በደመወዝ ማነስ ሳይሆን በዚህ ነው። ሁለተኛ ሰው ስለሌላቸው። ስለዚህ ባልሽን ጥሪው አልኩ።

ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ አንድ ማኪያቶ ቤት ተቀመጥን። የዱቲ ፕሮግራሙን ከስልኩ ላይ እንዲያወጣ ጠየቅኩት። አንድ በአንድ ሲያነበው ለራሱም ገረመው። የሌሊት ዱቲ አድሮ ቀን ቤት የሚሆንባቸው ቀናት ትንሽ አይደሉም። "እተኛለሁ እኮ" አለ። እውነቱን ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ናሙና ሲያይ ያደረ ሰው መተኛት አለበት። ግን ትኩሳት ያላት ልጅም ትተኛለች። እንዲህ ተስማሙ፤ እሱ ኦፍ በሆነ ቀን ልጅ ቢታመም እሱ ይይዛል። ቀን ፈረቃ ላይ ከሆነ የመጀመሪያውን ቀን እሷ ትቀራለች፣ ሕመሙ ከቀጠለ በነጋታው እሱ ዱቲ ይቀይራል። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን የሚይዘው እሱ ነው። ፕሮግራሙ በየወሩ ፍሪጁ ላይ ይለጠፋል። ፍቅር የሞላበት ንግግር አልነበረም፤ የሁለት መሥሪያ ቤት ውል ይመስል ነበር። እንዲያም ይሻላል።

ቀጥሎ ሰዓቱ። የድርጅቱ ሰዓት ከ2 ተኩል እስከ 11 ተኩል ነው፣ መሀል የአንድ ሰዓት ምሳ አለ። በ11 ተኩል ወጥቶ 11 ተኩል ላይ ዴይኬር በር መድረስ አይቻልም። ከ2 እስከ 10 ተኩል፣ ምሳ ግማሽ ሰዓት እንዲሆንላት ጠየቀች። ያው ስምንት ሰዓት ነው፤ አሠሪው አንድ ደቂቃ አይጎድልበትም። ሥራ አስኪያጁ በቃል እሺ አለ። በጽሑፍ ስትለው "እኛ እዚህ እንደ ቤተሰብ ነን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል?" አለ። ቤተሰብነቱ የሚፈተነው ሥራ አስኪያጅ ሲቀየር ነው፤ አትልቀቂው አልኳት። በኢሜይል አስቀምጣ ላከችለት። ከሦስት ቀን በኋላ በቅጥር ደብዳቤው ላይ ገባ።

ትልቁን ከትምህርት ቤት የሚያመጣው ሰው ጉዳይ በጎረቤት አለቀ። እዚያው ፎቅ ላይ ያሉ አንዲት ሴትዮ የልጅ ልጃቸውን ከዚያው ኬጂ ያመጣሉ። 2,500 ብር ስትላቸው ተቆጡ። "እንዴት ተደርጎ! ልጅሽ ልጄ አይደል?" አሏት። ይሉኝታ ይዟት ልትተወው ነበር። በነፃ የሚደረግን ነገር ግን በየቀኑ መጠየቅ አይቻልም፤ አንድ ሳምንት ካለፈ በኋላ ሰውየውን ማየት ራሱ ይከብዳል። በመጨረሻ "ለትራንስፖርትዎ ነው" ተባለና ተቀበሉ። ትምህርት ቤቱ በእግር ነው የሚኬደው፤ ትራንስፖርት የሚባል ነገር የለውም። ሁለቱም ያውቃሉ።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ጀመረች። ሊነጋጋ ሲል ትነሳለች። የትልቁ ምሳ ዕቃ፣ የትንሿ ጡጦና ቅያሪ ልብስ። ሊፍት የለም፤ ትንሿን አዝላ፣ ቦርሳውን በአንድ ትከሻ፣ ትልቁን በእጅ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲደርሱ እሱ የረሳው መኪና ትዝ ይለዋል። አንዳንድ ቀን ተመልሳ ትወጣለች፣ አንዳንድ ቀን እያስለቀሰች ይዛው ትወርዳለች። 1 ሰዓት ተኩል ኬጂ በር፣ ከዚያ ተክለ ሃይማኖት፣ ከዚያ በእግር ሰንጋ ተራ። ትንሿ ቀን ያጣችውን ጡት ሌሊት ማካካስ ጀመረች። እናትየዋ ታኅሣሥን ያሳለፈችው በእንቅልፍ ልቧ ነው ማለት ይቻላል።

ገና ሊደርስ ሲል ሁለቱም ልጆች አንድ ላይ አተኮሳቸው። ባልየው ቀን ፈረቃ ላይ ነበር። በመጀመሪያው ቀን እሷ ቀረች፣ የአለቃዋም ፊት ተለወጠ። በነጋታው እሱ ለጓደኛው ደውሎ ዱቲ ቀየረ። ለልጅ ብሎ እንዲህ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ በኋላ እየለመደው መጣ። ፕሮግራሙን ፍሪጁ ላይ መለጠፍ ግን እስካሁን የእሷ ሥራ ነው።

የካቲት ላይ የሙከራ ጊዜዋ አለፈ። ከሦስቱ ሱቆች አንዱን ይዛዋለች፤ እሑድ ከሰዓት ትሠራለታለች፣ 3,000 ብር ያስገባል። ስለዚህ 110 ብሩ አሁን 3,110 ሆኗል። ብዙ አይደለም። እቁብ ተመልሳ ገብታለች። ትልቁ ልጅ ሁለት ወር ያህል ጎረቤት ቤት መብላት እምቢ ብሎ ነበር፤ አሁን ይበላል፣ ግን እናቱ ስትመጣ አንዳንዴ ያኮርፋታል። ይህን "ይለምደዋል" ብዬ ላልፈው አልፈልግም። ከፍላበታለች።

ያልተፈታው ክረምቱ ነው። የሂሳብ ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። እንደ ድርጅቷ ያለ የደረጃ ሀ (የከፍተኛው ደረጃ) ግብር ከፋይ ግብሩን እስከ ጥቅምት 30 ማሳወቅ ስላለበት፣ ከሐምሌ ጀምሮ ለሂሳብ ሠራተኛ ቀና የሚባልበት ጊዜ የለም። ኬጂ የሚዘጋው ደግሞ ያኔ ነው። የዓመት ፈቃድ እንዳትጠይቅ፣ የመጀመሪያው ፈቃድ የሚሰጠው አንድ ዓመት ካገለገለች በኋላ ነው። ሥራው ሲመጣ ይህን ያየ ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም የጥቅምቱን ቁጥር ነበር የምናየው። እናቷ ሐምሌ 1 ከገላን ጉራ መጥተው ልደታ ለመክረም ተስማምተዋል። ፍልሰታን ግን ገዳም ገብተው ነው የሚጾሙት፤ ከነሐሴ 1 እስከ 16 አይኖሩም፣ በዚህ አይደራደሩም። ያንን ሁለት ሳምንት ባልየው ከዓመት ፈቃዱ ላይ ወስዶ ሊሸፍን ተነጋግረዋል። ማመልከቻውን ገና አላስገባም።